የአባ ጠጠር እርምጃ

የአክስቴን ባል ከተማው በሙሉ አባ ጠጠር ነበር የሚለው። እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊና አክስቴ ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም፤ አክስቴም ብትሆን «አንተ ሰው» ከማለት አልፋ በስሙ ስትጠራው ሰምቼ አላውቅም። እኔ ጋሼ እለው ነበር። በአንድ አካፋ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ለቤት ሠሪ ጠጠር ይቆፍራል፣ ለሞተ ሰው መቃብር ይቆፍራል። ሁለቱንም የሚቆፍረው ከአንድ ቦታ ስለነበር ሰዎች «ከአባ ጠጠር ማምለጥ የለም፤ ወይ ለቤትህ ጠጠር ይሰጥሃል፣ ወይ አንተኑ ጠጠር ያለብስሃል» እያሉ ይቀልዱበት ነበር።

ቦታው ለምን አንድ ብቻ እንደሆነ ልንገራችሁ። እኔ አስጎብኚ ነኝ፤ ይህንኑ በቀን አምስት ጊዜ ለጎብኚ እየለፈለፍኩ ነው እንጀራዬን የምበላው፣ ስለዚህ ከጀመርኩ በኋላ ባታቋርጡኝ ደስ ይለኛል። ሰው ገና ሳይኖርበት ይህ ሸለቆ እስከ አፉ በበረዶ ግግር የተሞላ ነበር። ግግሩ ዝም ብሎ አልተቀመጠም፤ በገዛ ክብደቱ እየተንፏቀቀ ይወርድ ነበር። ሲወርድ ግራና ቀኙን ፋቀ፣ ሥሩን ቦረቦረ። ሸለቆአችን ከታች ሰፊ፣ ግድግዳው ቀጥ ያለ፣ የከብት ማጠጫ ገንዳ የመሰለው ለዚህ ነው። ከጎን የሚመጡት ትንንሾቹ ሸለቆዎች ከላይ ተንጠልጥለው ስለቀሩ ውሃቸው በፏፏቴ ነው የሚወርደው። ቋጥኙ ላይ ጣታችሁን ብታሳልፉ ግግሩ የጫረው መስመር ዛሬም ይታወቃችኋል። አፈሩን ግን ሙልጭ አድርጎ ጠርጎ ወሰደው።

ከዚያ ሞቀና ቀለጠ። ሲቀልጥ፣ ከተራራው ነቅሎ የተሸከመውን ድንጋይ፣ ጠጠርና አሸዋ ሁሉ እዚያው ጥሎ ሄደ። ያ የጣለው ነገር ረጅም ጉብታ ሆኖ ከሐይቁ ራስጌ ተጋድሟል። እኛ ክምሩ እንለዋለን። ከሐይቁ ግድብ መብራት እናገኛለን፣ ከገደሉ ጎብኚ፣ ከላይኛው ሣር በግ። አካፋ የሚገባበት መሬት ግን ከክምሩ በቀር አልነበረንም፤ ሌላው ሁሉ አለት ነው።

በክምሩ አናት ላይ አንድ ክፍል ቤት የሚያህል ጥቁር ድንጋይ ነበር። የኛ ተራራ ድንጋይ ሁሉ አመድማ ነው፤ እሱ ብቻ ጥቁር። ግግሩ ከሩቅ ተራራ አዝሎ አምጥቶት ነው፤ እንግዳው ይባላል። ጎብኚዎች ተደግፈውት ፎቶ ይነሣሉ፣ ሲስቁም ይሰማኛል። በዙሪያው ምን ተቀብሮ እንደነበረ ግን ነግሬያቸው አላውቅም። ጨቅላዎች ነበሩ።

ክምሩ የተተከለ ነገር አያቆይም። በብርድ ወራት በጠጠሩ መሀል ያለው ውሃ በረዶ ሆኖ ያብጣል፤ ሲሞቅ ደግሞ ይሟሟል። እንዲህ ሲያብጥና ሲሟሟ ላይ ላዩን ያለውን ሁሉ እየገፋ ይተፋዋል፤ የእንጨት ምልክት አንድ ዓመት አይቆምም። ለአዋቂ ሰው አራት ሰው የሚሸከመው ጠፍጣፋ ድንጋይ ይጫንበታል፤ እሱ ንቅንቅ አይልም። ለጨቅላ ግን ያን የሚያህል ድንጋይ ማን አንጀቱ ችሎ ይጭንበታል? ስለዚህ እንግዳው ለሁሉም አንድ ድንጋይ ይሁናቸው ተባለ። ጋሼም የራሱን ዘዴ አበጀ። ከእንግዳው ጎን ይነሣል፣ እርምጃውን ይቆጥራል፣ የቆመበት ላይ ይቆፍራል። ማታ ቤቱ ገብቶ በደብተሩ ይጽፋል፦ «የዳቦ ቤቷ፤ ወደ ሐይቁ፤ ስምንት።» «የአናጢው፤ ወደ ከተማው፤ ዐሥራ ሁለት።» በደብተሩ ሠላሳ አንድ መስመር ነበር።

በከተማውና በክምሩ መካከል ወደ ሐይቁ የሚገባ ወንዝ ነበር። መሻገሪያ ድንጋይ የደረደረበትም ጋሼ ነው፤ ገና ወጣት ሳለ። ቁመተ ረጅም፣ ቅልጥመ ረጅም ሰው ነበር። ቦቲ ጫማውን አድርጎ እንደ ልቡ እየተራመደ ውሃውን ተሻገረና እግሩ ያረፈበት ቦታ ሁሉ አንድ ድንጋይ ተከለ፤ ዐሥራ አንድ ድንጋይ። ለሱ ልክ ነበር። የቀረው ሕዝብ ግን ቀሚሱንና ሱሪውን እየሰበሰበ መዝለል ነበረበት። «የሰጎን መንገድ» አሉት። አቤቱታ ይዞ ለመጣ ሰው ሁሉ የጋሼ መልስ አንድ ነበር፤ «እግራችሁን አስረዝሙ!»

አክስቴ አጭር ናት። እርምጃዋም አጭርና ቶሎ ቶሎ ነበር፤ ሙሉ ብርጭቆ ይዛ የምትሄድ ነበር የምትመስለው። አርባ ዓመት ሙሉ በነዚያ ድንጋዮች ላይ ስትዘል ኖረች። እናቴ የሞተችው እኔ ነፍስ ሳላውቅ ስለሆነ ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፤ ቁመቷንም አረማመዷንም ወርሼ ቁጭ አልኩ። ከኋላ ያየን ሰው እሷን በኔ ስም፣ እኔን በሷ ስም ይጠራ ነበር። «ቁርጥ አክስቷን!» ሳይሉኝ የዋሉበትን ቀን አላስታውስም።

እኔ ወደ ቤታቸው ከመምጣቴ ሁለት ዓመት በፊት አንድ ሴት ልጅ ተወልዳላቸው ነበር። ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ኖረች። ከሷ በኋላ ሌላ አልመጣም። አክስቴ አራት ሰማያዊና አንድ ጥቁር ቁልፍ ያለው ካፖርት ነበራት፤ ትንሽ ልጅ ሳለሁ «ይቺ ለምን ጥቁር ሆነች?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ሰማያዊዋን ለልጄ ሰጠኋታ። ብርድ ልብሷ ላይ ሰፋሁላት፣ እንዳይገለጥባት።»

ከዚያ በኋላ ስለ ካፖርቱ አልጠየቅኩም።

በየሳምንቱ ሹራቧን ይዛ ወደ ክምሩ ትወጣለች። ከእንግዳው ጥግ፣ ነፋስ ከማይደርስባት ስፍራ ቁጭ ብላ ትሠራለች። አታለቅስም፤ ታወራለች። የገበያውን፣ የጎረቤቱን፣ የኔን ጥፋት ሳይቀር ለልጇ ስትነግር ሰምቻታለሁ። እኔ ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆነኝ ነው ያ ክፉ ቀን የመጣው። ጋሼ ጠጠር ጭኖ ሲያልፍ አያትና ቆመ።

«አንቺ፣ የተቀመጥሽው እኮ ባዶ መሬት ላይ ነው። ልጅቷ ወዲያ ናት።»

«ተወኝ እስቲ። እኔን እግሬ ነው የሚያመጣኝ።»

«እግር ያመጣል ብለሽ ነው? እኔ ጋ በጽሑፍ አለ!» ደብተሩን ከኪሱ አውጥቶ ገለጠ። «ይኸው፦ የእኛ፤ ወደ ፏፏቴው፤ ዘጠኝ።» ከድንጋዩ ተነሥቶ በዚያ ረጅም ቅልጥሙ ቆጠረ። ዘጠነኛው እርምጃ አክስቴን አልፎ፣ ከእንግዳው ጥግ ወጥቶ፣ ነፋሱ እንደ ጅራፍ ከሚገርፈው ሜዳ ላይ አደረሰው።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለች አክስቴ፣ እየሳቀች።

እሱ አልሳቀም። በሌላው ነገር ሁሉ ቢቀልዱበት ግድ የለውም፤ በሥራው ሲመጡበት ግን ፊቱ ይጠቁራል። ወደኔ ዞረ። «እስቲ አንቺ ንገሪያት።»

እኔም ከንፈሬ ይቆረጥና ተናገርኩ። «አክስቴ፣ ሥራው እኮ የሱ ነው። እሱ ያላወቀውን ማን ሊያውቅ ነው?»

አክስቴ ቀና ብላ አየችኝ። ቁጣ አልነበረም፤ ብቻዋን የቀረች ሰው አስተያየት ነበር። ከዚያ ክሯን ጠቅልላ ተነሣችና እሱ ወደ ቆመበት ሄደች። ጋሼ መጥፎ ሰው አልነበረም፤ በማግስቱ ጥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተሸክሞ ወስዶ መቀመጫ አበጀላት። በዚያ መቀመጫ ላይ ሃያ አምስት ዓመት ተቀመጠች። ነጠላዋን ጆሮዋ ላይ ጠምጥማ፣ ክሯን ነፋሱ እየወሰደባት። ማውራት ግን ተወች። ለምን ዝም እንዳለች አንዳችንም አልጠየቅናትም።

በመጨረሻው ላይ ደረቷን ታመመች። ነፋሱ ነው አልልም፤ ሐኪሙም አላለም። ነፋሱ አይደለም ለማለት ግን አፌ አይታዘዘኝም። በዚያን ጊዜ ከተማው ከሌላ ቦታ በመኪና ባስመጣው አፈር ከላይ በኩል አዲስ መቃብር አበጅቶ ነበር። መሞቷ እንደማይቀር ስታውቀው ጋሼን ጠርታ እጁን ያዘችው።

«ክምሩን አንድ ቀን ይበሉታል፣ አንተ ሰው። ሰው ጠጠር አይጠግብም። ያኔ ልጄን እኔ ጋ አምጣልኝ።»

«አመጣታለሁ።»

«ማልልኝ።»

«አመጣታለሁ አልኩሽ እኮ! ቦታዋን የማውቅ እኔ ነኝ።»

እጁን ለቀቀችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከሁለት ቀን በኋላ አረፈች።

አክስቴ ያለችው በሦስተኛው ዓመት ደረሰ። የሐይቁን ግድብ ከፍ ሊያደርጉት ነው ተባለ፤ ለግድቡ ሙሌት የሚሆን ጠጠር ደግሞ ከክምሩ በላይ ከየት ይመጣል? ውሃው ከፍ ሲል ወንዙንም መሻገሪያውንም ይውጣል። መሐንዲሱ ትሑት ሰው ነው፤ ልጠላው ሞክሬ አልተሳካልኝም። የመቃብሮቹ ነገር ሲነገረው ቆብ አውልቆ ጋሼ ቤት ድረስ መጣ። ዐሥር ቀን እንጠብቃለን፣ በዐሥራ አንደኛው ጠዋት ቁፋሮ ይጀመራል አለ። ሠራተኞችም ሰጠን። የአዋቂዎቹ መቃብር ድንጋዩ ስላለበት ሠራተኞቹ ራሳቸው አገኙት፤ የጨቅላዎቹን ቦታ የሚያውቅ ግን ጋሼ ብቻ ነበር።

«አባባ፣ የቦታዎቹ ልኬት በሜትር የለዎትም?» ሲል ጠየቀው።

«ሜትሩ እኔ ነኝ» አለ ጋሼ።

ሰማንያ ሊሞላው ሁለት ዓመት ቀርቶት ነበር። ከዐሥራ ምናምን ዓመት በፊት ከጠጠር ገደል ወድቆ ዳሌው ተሰብሯል፤ በከዘራ ነው የሚሄደው። በመጀመሪያው ቀን ሰው ተሰበሰበ። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ወንበር አምጥታ ተቀመጠች፤ እሷም ሰባ አልፏታል። ልጇን ልትቀበል ንጹሕ ፎጣ ይዛ ነበር።

ጋሼ ደብተሩን ገልጦ አነበበ። ከእንግዳው ተነሣ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… በስምንተኛው ከዘራውን ተከለ፤ ሠራተኞቹ ቆፈሩ። ምንም የለም። አሰፉት፤ ምንም የለም። አናጢው የራሱን አስጠራ፤ ወደ ከተማው ዐሥራ ሁለት ተቆጠረ፣ ተቆፈረ፣ ባዶ። ከሰዓት በኋላ ሦስት ጉድጓድ አፉን ከፍቶ ነበር። ሰው ማጉረምረም ጀመረ። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ፎጣዋን አጣጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና «አይዞህ ጋሼ፣ ነገም ቀን ነው» አለች። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ማታ ማዕድ ላይ አልቀረበም።

በማግስቱም እንደዚያው ሆነ። አመሻሽ ላይ ብቻዬን ወደ ቤት ስመለስ፣ በብስጭት ላይ ሆኜ ከመሻገሪያው አራተኛ ድንጋይ ወደ አምስተኛው ዘለልኩና ስቼው እስከ ጉልበቴ ውሃ ውስጥ ገባሁ። ጫማዬ ሞላ። «ያንተ ነገር! ከነሰጎን መንገድህ…» ብዬ መራገም ጀመርኩና አፌ እንደተከፈተ ቀረ። ሁለቱን ድንጋዮች አየኋቸው። በመካከላቸው ያለው የጋሼ እርምጃ ነው። የዛሬው፣ በከዘራ የሚጎተተው አይደለም፤ መቃብሮቹን የቆጠረበት የጎልማሳው እርምጃ ነው። እግሩ አጥሯል እንጂ ደብተሩ አልዋሸም።

ሮጬ ገመድ አመጣሁ። ከድንጋይ መሀል እስከ ድንጋይ መሀል እየለካሁ፣ በየእርምጃው አንድ ቋጠሮ ቋጠርኩበት። ጠዋት ገመዱን ለጋሼ ስሰጠው ቋጠሮዎቹን በጣቱ ዳሰሳቸው። «ይህን ያህል ነበር እንዴ የምራመደው?» አለና ፈገግ አለ። በእነዚያ ዐሥር ቀናት ሲስቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ስምንተኛው ቋጠሮ ባረፈበት ላይ ከወገብ በታች ሲቆፈር የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ያስቀበረችው የብስኩት ቆርቆሮ ወጣ። ዝጓል፤ ክዳኑ ግን አለ። በፎጣዋ ጠቅልላ አቀፈችው። የሚያለቅሰውን ሁሉ ዝም አሰኝታ «ዝም በሉ፣ እንዳትነቃ» አለች። አናጢው የሠራውን ሣጥን በማዕዘኑ አገጣጠም አወቀው። ከአንዳንዶቹ ቦታ ከጠቆረ አፈር በቀር የተረፈ ነገር አልነበረም፤ አፈሩን አነሣን። በዘጠነኛው ቀን ማታ ሠላሳዎቹ አልቀው ነበር። ጋሼ የራሱን ለመጨረሻ ያስቀረው ይሉኝታ ይዞት ነው። የሰው ሳያልቅ የኔን አልነካም አለ።

ዐሥረኛው ቀን የቀረነው እኔና እሱ፣ ሁለት ሠራተኞችም ነበርን። ገመዱን ራሱ ያዘ። ወደ ፏፏቴው፣ ዘጠኝ ቋጠሮ። ልክ ከአክስቴ መቀመጫ ድንጋይ ሥር አረፈ። «አላልኳችሁም?» አለ። ድንጋዩን አነሡና ቆፈሩ። እስከ ወገብ። እስከ ደረት። ምንም የለም። ግራ አሰፉ፣ ቀኝ አሰፉ፤ እኩለ ቀን ላይ ጉድጓዱ አንድ ክፍል አህሎ ነበር። ጋሼ ከዘራውን ጥሎ ገባበትና በጣቱ መጫር ጀመረ። ሠራተኞቹ ፊታቸውን አዞሩ።

«የሰውን ሁሉ ልጅ ሰጥቼ የራሴን ጣልኳት» አለ። «ምን ብዬ ነው ከእናቷ ጎን የምተኛው? አመጣታለሁ ብያት ነው የሞተችው እኮ!»

ታች ሐይቁ ዳር መቆፈሪያ መኪናዎቹ ተደርድረው ቆመዋል፤ ለነገ ነዳጅ እየሞሉ ነበር። ገብቼ አጠገቡ ቁጭ አልኩ። እንዲሁ ጠየቅኩት።

«ጋሼ፣ ያን ቀን ማን ነበረ?»

«ማን ይኖራል? እኔና እሷ ብቻ። በረዶ እየጣለ ነበር።»

«ሣጥኑን ማን ያዘው?»

«እኔ ነኝ እንጂ። በሁለት እጄ አቅፌ… ዓይኔ አያይልኝም ነበር። እንባው።» እጁን ፊቱ ላይ አሳለፈ። «እሷ ፊት ፊት ሄደች። እኔ ኮቴዋን እየተከተልኩ ነው የሄድኩት። ጮክ ብላ ቆጠረች፤ ዘጠኝ ላይ ‹እዚህ› አለችኝ። እኔ ማታ ጻፍኩት…»

የጀመረውን አልጨረሰም። ሁለታችንም ዞረን እንግዳውን አየነው። ጥግ ጥጉን፤ ነፋስ የማይደርስበትን።

ከዚያ እጁን ሰጠኝና ከጉድጓዱ አወጣሁት። ከድንጋዩ ጎን ወስዶ አቆመኝ፤ ጀርባዬን ወደ እንግዳው፣ ፊቴን ወደ ፏፏቴው አደረገ።

«ሂጂ» አለኝ። «በሷ አረማመድ ሂጂ።»

«እኔ እኮ…»

«አንቺ ሁልጊዜም እንደሷ ነው የምትሄጂው። ሂጂ፣ ልጄ። ቁጠሪ።»

ቆጠርኩ። እግሬ አላመነታም። በዘጠኝ ስቆም ነፋሱ ጆሮዬ ላይ ጸጥ ብሎ ነበር። አክስቴ ሹራቧን ይዛ ቁጭ ትልበት የነበረው ያው ስፍራ ነው፤ እኔ በምላሴ ያስነሣኋት ስፍራ።

ጋሼ አካፋውን ከሠራተኞቹ ተቀበለ። አይሆንም አልነው፣ አልሰማንም። ተንበርክኮ ነው የቆፈረው፣ ቀስ እያለ፤ ሠራተኞቹ ከጎኑ እያገዙት። ፀሐይ ወደ ገደሉ ስታዘነብል የሣጥኑ ክዳን ፍርካሽ ብቅ አለ። ከእንጨቱ ሥር አፈሩ ጠቁሯል። ጋሼ በመዳፉ አነሣውና በጣቱ እያሸ አበጠረው፤ ዕድሜውን ሙሉ ጠጠር ሲያበጥር እንደኖረው። በመጨረሻ አንዲት ነገር መዳፉ ላይ ቀረች። በምራቁ አርሶ በእጅጌው ጠረጋት። ሰማያዊ ቁልፍ ነበረች።

«ነግራኝ ነበር» አለ። «እግሬ ነው የሚያመጣኝ ብላኝ ነበር።»

አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ልጇን ስላገኘንላት ብቻ አይደለም፤ አክስቴ ልጇን አግኝታት ነበር። እኛ ነን ሃያ አምስት ዓመት ያለያየናቸው። እሱ በደብተሩ፣ እኔ በአፌ።

በዚያው ምሽት ከአክስቴ ጎን ቀበርናት። ቁልፏን ላስቀረው ይሆን ብሎ ሲያመነታ አየሁት፤ ከዚያ አፈሩ ላይ አስቀመጣት። መቃብሩ ላይ ጎንበስ ብሎ «መጥታለች» አላት። «ልክ አንቺ ነበርሽ።» ትንሽ ጠበቀ፣ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው። ከዚያ ከዘራውን አነሣ።

ቁፋሮው በማግስቱ ተጀመረ። እንግዳውን ጎብኚዎች መኪና በሚያቆሙበት በር ላይ ወስደው አቆሙት፤ ዛሬም ፎቶ ይነሡበታል፣ እኔም ከሩቅ ተራራ መምጣቱን እየነገርኩ እንጀራዬን እበላለሁ። ውሃው ከፍ የሚለው ግን ገና ከአራት ወር በኋላ ነበር። በዚያ መካከል አንድ ጠዋት ጋሼ ቤት የለም ተባልኩና ፍለጋ ወጣሁ። ወንዙ ውስጥ አገኘሁት፤ ቦቲ ጫማውን አድርጎ፣ ከዘራውን ዳር ላይ ጥሎ፣ ድንጋይ እያንከባለለ።

«ምን እየሠራህ ነው? ጤና የለህም እንዴ? ይህ ሁሉ እኮ ውሃ ሊውጠው ነው!»

«አውቃለሁ። ነይ እዚያኛውን ጫፍ ያዥልኝ።»

በየሁለቱ ድንጋዮች መካከል አንድ አንድ ድንጋይ እየጨመረ ነበር። ክርክሩ እንደማይጠቅም አይቼ ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ዐሥር ክፍተት ነው፤ ሦስት ቀን ፈጀብን። በሦስተኛው ቀን ማለቂያ ላይ ዳር ወጥቶ ተቀመጠና «እስቲ ተሻገሪ» አለኝ።

ተሻገርኩ። ሳልዘል፣ ቀሚሴን ሳልሰበስብ፣ በራሴ እርምጃ። ማዶ ደርሼ ዞርኩ።

«ልክ ነው?» ብሎ ጮኸ፣ ውሃው እያሸነፈው።

«ልክ ነው ጋሼ!»

ራሱን ነቀነቀ። «እሷ ግን አርባ ዓመት ዘለለች» አለ። ይህን ጮክ ብሎ አልተናገረውም፤ ከከንፈሩ ነው ያነበብኩት።

ውሃው ሲነሣ አይቶ በዓመቱ ሞተ። ከሁለቱ ጎን ነው የቀበርነው። ሐይቁ ሲጠራ በጀልባ ላይ ሆኜ ቁልቁል አያለሁ፤ ድንጋዮቹ እንደተደረደሩ ናቸው። ሃያ አንድ።